የሆቴሉ ማኅተም ያለበት የጥምቀት ቀሚስ

የላውንድሪ ሰው ፎቅ አይወጣም። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን በሠራሁባቸው ዓመታት ማንም ሲጥሰው አላየሁም። እነሱ ምድር ቤት ከማሽኖቻቸው ጋር ናቸው፣ እኛ አልጋ አንጣፊዎቹ ደግሞ ላይ ከጋሪዎቻችን ጋር። በሥራ ሰዓት የሚያገናኘን የቆሸሸው የሚወርድበት ቱቦና የታጠበው የሚወጣበት ሊፍት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ረፋድ ላይ የላውንድሪዋ አደይ በሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር፣ በዚያ ወፍራም ምንጣፍ ላይ፣ እርጥብ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በካልሲ ሲመጡ ሳይ፣ የሞተ ሰው አለ ብዬ የያዝኩትን አንሶላ እንዳቀፍኩ አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ። እንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ተቀመጥኩ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ፊቴን አይተው። «ይህን አንብቢልኝ።»

የሰጡኝ ጠንካራ አረንጓዴ ካርድ ነው፤ ጥጉ ላይ ዓሣ ተስሎበታል። ተረጎምኩላቸው። ውድ እንግዳችን፣ ባሕራችንን ለመጠበቅ ይተባበሩን፤ ፎጣውን መስቀያው ላይ ከሰቀሉት ደግመው ይጠቀሙበታል ማለት ነው፣ መሬት ላይ ከጣሉት እናጥበዋለን ይላል። እያነበብኩ ስሄድ ድምፄ እየቀጠነ መጣ። ቃሉ የኔ ነበር። ዓሣው ብቻ ነው የኔ ያልነበረው።

አደይ ካርዱን መልሰው ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩት። ለዚህች ወረቀት ኖሯል እንዴ ያ ሁሉ አሉ። ጠዋት የላውንድሪው አለቃ አራቱንም ሰብስቦ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ የሚታጠበው ስለሚቀንስ ሦስት ሰው ይበቃል ብሏቸዋል። ከአራቱ በመጨረሻ የገቡት እሳቸው ናቸው። ያስገባኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሆቴሉ ከኦክላንድ አጭሩን ድልድይ ተሻግሮ፣ አሸዋው ላይ ሊወርድ ትንሽ የቀረው ባለ አራት ፎቅ ነበር። አደይ ኤርትራዊት ናቸው፤ የዕድሜያቸውን ግማሽ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፉ ስለኖሩ አማርኛቸው ከኔ አማርኛ ይጣፍጣል። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ በምሳ ሰዓት እሳቸው ሲጾሙ እኔ ስበላ፣ እኔ ስጾም እሳቸው ሲበሉ ሁለት ዓመት አብረን ተቀምጠናል። ልጃቸው ሳን ሆዜ ትልቅ ቤት አለው፤ ነይና አብረሽን ኑሪ ሲላቸው እሺ አላሉትም። ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው በራሳቸው ቁልፍ ዘግተው ይኖሩ ነበር። ያችን ቁልፍ የያዘላቸው ይህ ሥራ ነው።

«ልጄ ቤት ከሄድኩ ሶፋው ላይ ያስቀምጡኛል» ይሉ ነበር። «የልጅ ልጆቼ ‹ሃይ› ብለውኝ ያልፋሉ። ከዚያ ሶፋ የሚያነሣኝ ሬሳ ተሸካሚ ነው።»

ኃጢአቴን እዚያው አልጋው ላይ እንደተቀመጥኩ ተናዘዝኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማናጀሯ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቁማ ነበር። ስትናገር እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ የምትዘረጋ ረጅም ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም። ከየክፍሉ አንድ ሰው ይምጣ ሲባል፣ እምቢ ማለት እንደማልችል ስለሚታወቅ ከኛ ክፍል እኔ ተላክሁ። ፒዛ ቀረበ፤ ጸለይኩና በላሁ። ሆቴላችን ምን ያባክናል ብላ ጠየቀች። ከኪችን የመጣው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ከፍሮንት ዴስክ የመጣችው ጥፍሯን። እኔ ግን በሆዴ ይዤ የከረምኩት ነገር ነበረኝ። እንግዳው እጁን አንድ ጊዜ ያበሰበት ፎጣ ወርዶ ይታጠባል፤ በነጋታውም እንደዚሁ። እኛ ቤት አንድ ፎጣ ሳምንት ይሄዳል፣ በዚህ ምክንያት የሞተ ሰውም የለም አልኳቸው። አጨበጨቡ። ምድር የተሳለችበት ኩባያ ሸለሙኝ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ፣ ጌታ በፈረንጆች ሸንጎ ፊት አፌን እንዴት እንደ ከፈተልኝ ለጉባኤው መሰከርኩ። ኩባያዋንም ይዤ ነበር የሄድኩት። አሁን አደይ ፊት ሆኜ ሳስበው፣ አፌን የከፈተው ማን እንደ ነበር እርግጠኛ አልነበርኩም።

አደይ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጫማቸውን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«እናንተ ጴንጤዎች» አሉ፣ «ስትጾሙ እንኳ አፋችሁ አይጾምም።»

ሊፍቱን ጠብቀው ወረዱ።

በማግስቱ ከሺፍቴ በኋላ የማናጀሯ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ሌሊቱን የጸለይኩበትን ንግግር ግማሹን ሳልጨርስ ገብቷታል። የላውንድሪውን ጉዳይ የወሰነችው እሷ እንዳልሆነች፣ ሬድውድ ሲቲ ካለው ዋና ቢሮ እንደመጣ ነገረችኝ። ባለቤቶቹ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ የባሕር ዳርቻ ጽዳቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ሆቴሉ ለአካባቢው ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ሰውም እንደሚያስብ ማሳየት ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ከማኅበረሰቤ ሰው ይዤ ብመጣ ደስ ይላታል። ለጓደኛዬ የሚሆን ሐሳብ ካለኝም በወረቀት ሳይሆን በዓይን የሚታይ አድርጌ ያን ቀን እንዳመጣው መከረችኝ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ማድረቂያው ጀርባ ነው። የሲጋራ ቀዳዳ ያለበት ወይም እድፉ አልለቅ ያለ አንሶላ በሆቴሉ ሥርዓት ይጣላል። አደይ ግን ዳር ዳሩ ደህና የሆነ ጨርቅ ሲጣል ማየት ስለማይችሉ፣ ከማድረቂያው ጀርባ ሸጉጠው ሸጉጠው ጉብታ አበጅተዋል። ሳየው መጀመሪያ ደነገጥኩ። እኔ ከሆቴሉ ክብሪት እንኳ ያለ ፓስ፣ ያለ መውጫ ወረቀት፣ አላወጣም፤ እንግዳ ትቶት የሄደውን ጃንጥላ ቤቴ የወሰድኩት ሁለት ሰው አስፈርሜ ነው። ቀጥሎ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ትዝ አለኝ። ሦስት ሰዎች ለውኃ ጥምቀት እየተማሩ ነበር። በኪራይ የምንጠቀምበት የአሜሪካኖቹ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ገንዳው ተሰንጥቋል፤ ያዋሱን ቀሚሶችም ለልጆች መዘምራን የተሰፉ ስለሆኑ ጉልበት ላይ ያበቃሉ። ፓስተራችን ባሕር ውስጥ እናጠምቃለን ብለው ቀን እየፈለጉ ነበር። ቀኑም፣ ባሕሩም፣ ጨርቁም እዚያው ነው።

«እኔ በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄ የጨረስኩ ሰው» አሉ አደይ ስነግራቸው፣ «አሁን በስተርጅና የጴንጤ ቀሚስ ልስፋ?»

«የሚሰፉት ለሰውነታቸው ነው እንጂ ለሃይማኖታቸው አይደለም።»

ትንሽ አሰቡ። «ልኬታቸውን አምጪ» አሉ።

ለሦስቱ ቀሚሶች ጨርቅ ለማውጣት ሦስት ፓስ አስፈረምኩ፤ ጥበቃው በሥራ ዘመኑ ለቆሻሻ ፓስ ያየው ያን ቀን መሆኑን ነገረኝ። የሁለቱን እኅቶች ልክ በሜትር ወሰድኩ። ሦስተኛው ግን የኤርፖርት ሻትል የሚነዳ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ወንድም ነበር። እኔ የሰው ወንድ ወገብ ላይ ሜትር ልጠመጥም? ከሁለት ወንበር ኋላ ተቀምጬ ስብከቱ እስኪያልቅ በዓይኔ ለካሁት። ስብከቱ ስለ ምን እንደ ነበር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አደይ ዓርብ ዕለት ቀሚሱን ሲያስሞክሩት ወገቡ ላይ አልገባም። ፈትተው፣ ሌላ አንሶላ ሙሉውን ጨምረው እንደገና ገጠሙት። ያ አንሶላ ጥጉ ላይ የሆቴሉ ስም በሰማያዊ ቀለም ታትሞበታል፤ ቆርጠው እንዳይጥሉት ጨርቁ አይበቃም። ማኅተሙን ከኋላ አደረጉትና ነጠላ ይደርብበት አሉ።

የቀረኝ ሰው መጥራት ነበር። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ስሕተቱ ግን ከአስተዳደጌ የመጣ ነው። ማይክራፎኑ ፊት ስቆም ከፊት ወንበር የተደረደሩትን አባቶችና እናቶች አየሁ። እነዚህን ሰዎች በቅዳሜያቸው ኑና ቆሻሻ ልቀሙ በየትኛው አፌ እላለሁ? ያዘጋጀሁት ወረቀት ላይ ጓንት የሚል ቃል ነበረ፤ ዘለልኩት። «የምሠራበት ሆቴል ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከኛ ጋር ሆኖ ለባሕሩ ዳርቻ አንድ መልካም ነገር ማድረግ ይፈልጋልና በአክብሮት ጠርቷችኋል፤ ጥምቀቱም እዚያው ይሆናል» ብዬ ወረድኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን ሐበሻን ሆቴል ጠርቶሃል ካሉት በኋላ የሚሰማው ነገር የለም።

ቅዳሜ ማናጀሯ አሸዋው ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ጓንት፣ ጥቁር ላስቲክ ከረጢትና ረጃጅም መልቀሚያ ደርድራለች። ባለቤቶቹን ወክላ የመጣችው የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ትልቅ ሴትዮ ከጎኗ ቆማለች። መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የወረደው ፕሌዘንተን ቢሮ የሚሠራው ወንድም ነው፤ ባለ ሰደርያ ሙሉ ሱፍ ለብሷል። ቀጥሎ እናቶች በጥልፍ ቀሚስ። ቀጥሎ እዚሁ ካሊፎርኒያ ካለችው ዳብሊን የመጡ እኅቶች፣ ባለ ወርቃማ ተረከዝ ጫማ፤ ሁለት እርምጃ እንደ ሄዱ ተረከዙ አሸዋው ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ሁለት ወንድሞች በፎይል የተሸፈነ ትልቅ የሳምቡሳ ትሪ ተሸክመው መጡ። አንድ አባት ለሆቴሉ ባለቤት ብለው በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓት ይዘዋል።

ማናጀሯ የላስቲኩን ከረጢት እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ጉባኤውም ከረጢቱን አይቶ ዞሮ አየኝ። አንድም ሰው አልወቀሰኝም፤ እሱ ነው የባሰው። ፓስተራችን ክራቫታቸውን እያስተካከሉ «እኅታችን፣ ፕሮግራሙ እንዴት ነው?» አሉኝ በፍጹም ትሕትና። ሴትዮዋ ባርኔጣዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ትጠብቃለች። ለአደይ ያዘጋጀሁት ቀን በዓይኔ እያየሁት ሊበላሽ ነው።

አደይ ቀድመው ደርሰው ኖሯል። የላውንድሪውን የላስቲክ ሽርጥ ታጥቀው፣ በባዶ እግራቸው ጠረጴዛው አጠገብ ብቅ አሉ። ከማኅበራችን ስላልሆኑ ብዙዎቹ አያውቋቸውም፤ በዕድሜያቸው ብቻ ሁሉም ጸጥ አለላቸው።

«ልጆቼ፣ ሠርግም ቢሆን ሲያልቅ መጠረጉ አይቀርም» አሉ። «እኛ አስቀድመን እንጥረግና ከዚያ እንብላ።»

ከረጢት አነሡና ሄዱ። እናቶች ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አደገደገች፤ ከዚያ ሁሉም። ባለ ሱፉ ወንድም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤ ወርቃማዎቹ ጫማዎች ከሳምቡሳው አጠገብ በሰልፍ ተቀመጡ።

ሥራው ግን እንደ ፈረንጆቹ ሥራ አልነበረም። አንድ አባት ለአንዲት ጣሳ ጎንበስ ሲሉ ሦስት ወጣት በሩጫ ይደርስባቸዋል፤ ኧረ በሞቴ፣ እኛ እያለን እርስዎ ይጎነበሳሉ እያሉ ጣሳዋን ይሻሙባቸዋል። ትንሽ ቆይቶ አባቶች ጎንበስ ማለቱን ትተው በጣታቸው ብቻ ማሳየት ጀመሩ፤ ወጣቶቹ እየሮጡ ያነሣሉ። ማናጀሯ ይህን እንደ ልዩ የሥራ ስልት ቆጥራ ለሴትዮዋ ስታስረዳ ሰምቻለሁ። አንዲት እኅት ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘች። ከሁሉ የበዛው የቢራ ጣሳ ነበር። ጠጥተው የማያውቁት ፓስተራችን አንድ ከረጢት ሙሉ የቢራ ጣሳ በትከሻቸው ይዘው ሲመለሱ የሆቴሉ ፎቶግራፍ አንሺ ብልጭ አደረገባቸው። ፎቶው የት ነው የሚወጣው ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ዳርቻው ሲጠራ ጥምቀቱ ሆነ። ያ ውኃ በጋም ቢሆን አጥንት ይበሳል። ሁለቱ እኅቶች ወርደው ወጡ፤ ቀሚሱ አምሮባቸዋል፤ ዝማሬው ከነፋሱ ጋር ይታገላል። ሦስተኛው ወንድማችን ሲገባ የደረበውን ነጠላ አውልቆ ለሰው ሰጠ። እንዳያወልቀው አስጠንቅቄው ነበር፤ በደስታው ብዛት ረሳው። ፓስተሩ አጥልቀው አወጡት፤ ጉባኤው እልል አለ፤ እሱ እጁን ዘርግቶ ወደ ፓስተሩ ዞረና እንዳቀፋቸው ጀርባውን ለኛ ሰጠ። ከወገቡ በታች፣ እርጥቡ ጨርቅ ላይ፣ የሆቴላችን ስም በሰማያዊ ቀለም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሴትዮዋ ዓይኗን አጥብባ ማኅተሙን አነበበች። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ሦስቱን ፓስ በእጄ አወጣሁ። ሰርቀን አይደለም ልላት ስጀምር፣ ወረቀቶቹን ሳታይ አልፋኝ ወደ ወንድማችን ሄደች። እየተንቀጠቀጠ ከውኃው ወጥቷል። ፈቅዶላት የእጅጌውን ጫፍ ያዘች፤ ስፌቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ወረደች። ስፌት የምታውቅ ሴት ጨርቅ ስትይዝ ያስታውቃል።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?» አለች በእንግሊዝኛ።

አደይን ጠራሁ። ውኃው ዳር እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው ከድንጋይ ላይ የዓሣ መረብ ሲያላቅቁ ነበር፤ መረቡን ይዘው መጡ። ሴትዮዋ ይህ የኛ የተጣለ አንሶላ ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ተረጎምኩ፤ ነው አሉ። ስፌቱ ግሩም ነው አለች፤ ተረጎምኩ።

«ንገሪያት» አሉ አደይ። «እጅጌው ደህና ነው። ወገቡን ግን ቸኩዬ ነው፤ አትይብኝ።»

ይህን ልተርጉም አልተርጉም ብዬ አመነታሁ። ሥራ የሚለምን ሰው ነውሩን አያወራም። አደይ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ዞራ ወገቡን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ሳቀች። ሌላስ ከሚጣለው ምን መሥራት ይችላሉ ብላ ጠየቀች።

«መጀመሪያ የምትጥለውን ሁሉ ታሳየኝ» አሉ አደይ። «ከዚያ እመልስላታለሁ።»

ሰኞ ላውንድሪ ውስጥ፣ ማድረቂያው አጠገብ፣ ለአደይ ጠረጴዛና የስፌት መኪና ተቀመጠ። ለሙከራ ነው ተባለ። በሙከራው፣ የተቀደደው አንሶላ እየተጣፈ ወደ ፎቅ ይመለስ ጀመር፤ የማይመለሰው ለላውንድሪ ከረጢት፣ ለኪችን ሽርጥ፣ ኦክላንድ ውስጥ ላለው የእናቶች መጠለያ ለሕፃናት ልብስ ሆነ። ሆቴሉ ስለዚህ ሁሉ የሚያምር ብሮሹር አሳተመ፤ ያው ዓሣ አለበት። አደይ ሽቅብ እያዩኝ፣ ይህችን ዓሣ ባገኛት ጠብሼ እበላታለሁ ይሉ ነበር። ሙከራው እሳቸው ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ቆየ። እውነቱን ለመጻፍ፣ በዚያ በጋ የሌሎቹ ሦስቱም ሰዓት ተቀንሷል፤ አንዷ ሌላ ሆቴል ሄደች። ይህን በምስክርነት ሰዓት ተናግሬው አላውቅም። ኩባያዋ ግን መደርደሪያዬ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች።

አሁን አደይ ሳን ሆዜ፣ ልጃቸው ቤት፣ ያው ሶፋ ላይ ናቸው። ቁልፋቸውን በራሳቸው እጅ ለአከራያቸው መልሰው ነው የሄዱት። የልጅ ልጆቻቸው ሃይ ብለው ያልፋሉ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ይዘው ያስቀሯቸውና የሸሚዛቸውን ስፌት ይመረምራሉ። በሄድኩ ቁጥር ደኅንነቴን ሳይጠይቁ «ያ ወገቡስ?» ይሉኛል። ይህን ሁሉ ዓመት አልለቀቃቸውም። ፈትተው ደግመው ሊገጥሙት ይፈልጋሉ፤ ክርና መርፌ ከትራሳቸው ሥር አለ፤ ክሩን በመርፌው እኔ አሾልክላቸዋለሁ።

ሁለቱ ቀሚሶች ቤተ ክርስቲያናችን ቦታ ሲቀይር በካርቶን ውስጥ ተገኝተዋል። ትልቁ የለም። የተጠመቀበት ወንድማችን ለሌላ ተጠማቂ አውሼዋለሁ ይላል፤ ለማን እንደሆነ አያስታውስም። እናንተ ያን ቅዳሜ እዚያ የነበራችሁ፣ በጥልፍ ቀሚስም በሱፍም፣ እባካችሁ ቁም ሣጥናችሁንና ጋራዣችሁን ተመልከቱልኝ። የፓስተራችንን ፎቶ ያገኘ ለራሱ ያስቀምጠው። ሰማያዊ ማኅተም ያለበትን ሰፊ ነጭ ቀሚስ ያገኘ ግን ኮል ያድርግልኝ፤ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። አታጥቡት፣ አትተኩሱት፤ ወገቡንም ማንም እንዳይነካው።